የስሪዲ ማክስና የስኬችአፕ ሥራዎችን ወደ ብሌንደር ማሻገር፦ በየትኛው ፎርማት ይሻላል፣ ምንስ ይጠፋል?

#1 ንድፍቤት

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የምሠራው አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ አነስተኛ የሥነ ሕንፃ ቢሮ ውስጥ ሲሆን፣ ኃላፊነቴ የሕንፃዎችን ምስልና አጫጭር ቪዲዮ ማዘጋጀት ነው። እስካሁን የምንሠራው በስሪዲ ማክስ (ባለ ሦስት ገጽታ ሞዴል መሥሪያ) እና የመጨረሻውን ምስል በሚያወጣው በቪሬይ ነበር፤ ከአጋር ቢሮዎች የሚመጡልን ሞዴሎች ደግሞ አብዛኞቹ የስኬችአፕ፣ ጥቂቶቹም የሬቪት፣ ማለትም የሌሎች የሕንፃ መንደፊያ ፕሮግራሞች ናቸው። የፕሮግራሞቹ ዓመታዊ ክፍያ በውጭ ምንዛሪ የሚፈጸም በመሆኑ፣ ከሚቀጥለው ፕሮጀክት ጀምረን ክፍያ ወደማይጠይቀው ብሌንደር እንድንዞር ተወስኗል። ውሳኔውን አልቃወምም፤ የሚያሳስበኝ በማክስ የተከማቸው የቆየ ሥራ ነው።

ለሙከራ አንድ ባለ አራት ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ በኤፍቢኤክስ (ሞዴል ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም የሚሻገርበት የፋይል ዓይነት) አውጥቼ በብሌንደር ስከፍተው ማቴሪያሎቹ፣ ማለትም የየገጹ ቀለምና አንጸባራቂነት፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ግራጫ ሆነው መጡ፤ የግቢው ዛፎች በየቦታቸው ጥቂት የተበታተኑ ሦስት ማዕዘኖች ብቻ ሆነው ቀሩ፤ የደረጃው አንዱ ወገንም ጠቁሮ ይታያል። ያንኑ ሕንፃ በሌላ የፋይል ዓይነት፣ በኦቢጄ ሳወጣው ደግሞ 4 ሜትር የነበረው የመኝታ ቤት ግድግዳ ከ157 ሜትር በላይ ሆኖ ተነበበ። ሁሉንም ይዞ የሚሻገር ፎርማት ካለ ብትጠቁሙኝ፣ ከሌለም የቱን ለምን ሥራ እንደምትመርጡ ብታካፍሉኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

#2 ሦስት_ማዕዘን

ሰላም ንድፍቤት። ሁሉንም ይዞ የሚሻገር ፎርማት የለም፤ ምክንያቱን ማወቁ ግን ፎርማቱን ለመምረጥ ይረዳዎታል። የማክስ ፋይል የሚያስቀምጠው ቅርጹን ብቻ ሳይሆን ቅርጹ የተሠራበትንም ቅደም ተከተል ነው። አንድ ግድግዳ ከመስመር ተነሥቶ በኤክስትሩድ 3 ሜትር ከፍ እንዳለ፣ ከዚያም በቤንድ እንደታጠፈ በሞዲፋየር (የቅርጽ መለወጫ) ዝርዝሩ ላይ ተጽፎ ስለሚቆይ፣ በማንኛውም ሰዓት ተመልሰው 3 ሜትሩን 3.20 ማድረግ ይችላሉ። ኤፍቢኤክስም ሆነ ኦቢጄ የሚቀበሉት የመጨረሻውን ውጤት፣ ማለትም ነጥቦችንና ፊቶችን ብቻ ነው። ብሌንደር የማክስን ቤንድ ስለማያውቀው፣ ቢላክለትም ምን እንደሚያደርገው አያውቅም።

ስለዚህ ከማውጣትዎ በፊት በየሞዲፋየሩ ላይ መወሰን ይኖርብዎታል። በተለይ ተርቦስሙዝን ልብ ይበሉ፤ እያንዳንዱ የማለስለሻ እርከን የፊቶቹን ብዛት በአራት ስለሚያባዛው፣ 5,000 ፊት ያለው ሶፋ በሁለት እርከን 80,000 ይሆናል። ተርቦስሙዙን አጥፍተው ያውጡትና በብሌንደር የሰብዲቪዥን ሞዲፋየር ያስገቡለት፤ ፋይሉም ይቀላል፣ ሶፋውም ሊስተካከል የሚችል ሆኖ ይቀራል።

ዛፎቹን በተመለከተ፣ ቪሬይ ፕሮክሲ መሆናቸውን ከወዲሁ መገመት ይቻላል። ፕሮክሲ እውነተኛውን ቅርጽ በሌላ ፋይል አስቀምጦ በማክስ ውስጥ ለማሳያ የሚሆኑ ጥቂት ሦስት ማዕዘኖችን ብቻ የሚይዝ ስለሆነ፣ ያዩዋቸው ሦስት ማዕዘኖች እነዚያው ናቸው። ፕሮክሲውን በማክስ ውስጥ ወደ ሜሽ (በነጥቦችና በፊቶች ወደተሠራ ቅርጽ) መልሰው አንዱን ዛፍ ብቻ ያውጡ፤ ብዜቱን ብሌንደር ውስጥ ቢያደርጉት ይሻላል።

አንድ ጥያቄ ልጨምር፦ በእርግጥ የቆየውን ሥራ ሁሉ መቀየር ያስፈልጋል? ደንበኛው ተመልሶ የማይመጣበትን ፕሮጀክት ማሻገር ትርፉ ድካም ነው። እኔ ብሆን ቤተ መጻሕፍቱን፣ ማለትም ወንበሩን፣ መብራቱን፣ በርና መስኮቱን፣ ዛፉን አስቀድሜ አሻግርና ሙሉ ሲኖቹን (ትዕይንቶቹን) ሲጠየቁ ብቻ እቀይራለሁ።

#3 ሚዛን

ስለ 157 ሜትሩ ግድግዳ። 4 ሜትርን ለ0.0254 ቢያካፍሉት 157.48 ይሆናል፤ ይህም 4 ሜትር በኢንች ሲለካ ማለት ነው። በማክስ ውስጥ ሁለት የተለያዩ የልኬት ቅንብሮች አሉ። አንደኛው በስክሪኑ ላይ የሚታየው አሃድ ሲሆን፣ ሁለተኛው ፕሮግራሙ ውስጥ ውስጡን የሚያሰላበት የሲስተም አሃድ ነው። ሲስተም አሃዱ ካልተነካ በቀር ኢንች ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ወደ ሜትር ይቀይርና ሁለተኛውን ሳያየው ያልፋል፤ ማክስም «4 ሜትር» ብለው ሲጽፉለት ያለ ምንም ቅሬታ 157.48 ብሎ ያስቀምጠዋል።

ኦቢጄ በ1980ዎቹ በዌቭፍሮንት የተዘጋጀ የጽሑፍ ፎርማት ነው፤ አሃድ የሚጻፍበት ቦታ ጭራሽ የለውም። ፋይሉን በኖትፓድ ከፍተው ቢያዩት በመስመሩ መጀመሪያ የነጥብ ምልክት የሆነችው «ቪ» ትኖራለች፣ ከእሷ ቀጥሎ ሦስት ቁጥሮች ይሰለፋሉ፤ በቃ። ቁጥሩ ኢንች ይሁን ሜትር የሚነግርዎት የለም። ብሌንደር 157.48 ሲያገኝ ነባሪ አሃዱ ሜትር በመሆኑ 157.48 ሜትር ነው ብሎ ይቀበላል።

ኤፍቢኤክስ ግን አሃዱን ይጽፋል። ማመሳከር ከፈለጉ ከማክስ ሲያወጡ በአስኪ (ሰው በሚያነበው ጽሑፍ) ዓይነት አውጥተው በኖትፓድ ይክፈቱት፤ ከፋይሉ መግቢያ አካባቢ «ዩኒት ስኬል ፋክተር» የሚል መስመር ያገኛሉ። ቁጥሩ 1 ከሆነ ሴንቲሜትር፣ 2.54 ከሆነ ኢንች፣ 100 ከሆነ ሜትር ነው። እዚያው አቅራቢያ «አፕ አክሲስ» የሚለው ደግሞ ወደ ላይ የሚያመለክተው የትኛው አቅጣጫ እንደሆነ ይናገራል፤ 1 ዋይ ማለት ነው፣ 2 ዜድ። ማክስ፣ ብሌንደርና ስኬችአፕ ዜድን ወደ ላይ ያደርጋሉ፤ ማያ፣ ሲኒማ ፎርዲና ዩኒቲ ዋይን። ሕንፃው በጀርባው ተኝቶ ቢመጣልዎት ችግሩ ያለው እዚህ ጋር ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ለመመልከቻ በአስኪ ያውጡ እንጂ ለሥራው በባይነሪ (ኮምፒውተር ብቻ በሚያነበው ዓይነት) ያውጡት። የቆየው የብሌንደር ኤፍቢኤክስ ማስገቢያ አስኪውን አይቀበልም፤ ከ7.1 በታች የሆኑ የኤፍቢኤክስ እትሞችንም እንዲሁ። አዲሱ ማስገቢያ፣ ከ4.5 ወዲህ ያለው ማለት ነው፣ አስኪውንም ያነባል፤ ፍጥነቱም የተሻለ ነው።

#4 ንድፍቤት

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አረጋግጫለሁ፤ ሲስተም አሃዱ ኢንች ነበር፣ ዛፎቹም ፕሮክሲ ናቸው። መኖሪያ ሕንፃው አሁን በትክክለኛ ልኬቱ ገብቷል።

ሆኖም በሌላ ፕሮጀክት ላይ የባሰ ነገር ገጠመኝ። የግቢ ፕላኑ ከቀያሽ በአውቶካድ የመጣ ሲሆን፣ ሕንፃው በላዩ ላይ የተሠራው ቦታውን ሳይለቅ ነው። ብሌንደር ውስጥ ሲከፈት ክብ የነበረው የመግቢያ ግድግዳ እንደ መጋዝ ጥርስ ተሰነጣጥቋል፤ የመስኮት ፍሬሞቹም ከፊሎቹ ወፍረዋል፣ ከፊሎቹ ከነጭራሹ ጠፍተዋል። ካሜራውን ባንቀሳቀስኩ ቁጥር ፊቶቹ ብልጭ ድርግም ይላሉ። በአውቶካድ ስከፍተው ግን ምንም እንከን የለበትም። በኤፍቢኤክስም በኦቢጄም ውጤቱ አንድ ነው።

#5 ቀያሹ

ይህ ጥያቄ ወደ እኔ ሙያ ያደላ ስለሆነ ልመልስ። እኛ ቀያሾች ፕላኑን የምናስረክበው በአገሪቱ የቅየሳ ሥርዓት፣ በአዲንዳን ዳተም (የመለኪያ መነሻ) ላይ በተመሠረተው ዩቲኤም፣ ማለትም ቦታን ወደ ምሥራቅና ወደ ሰሜን በሜትር በሚገልጽ የካርታ መረብ ነው፤ አዲስ አበባ የምትገኘው በዞን 37 ሰሜን ነው። ፋይሉ ውስጥ ማንኛውንም የግንብ ማዕዘን ቢነኩ ወደ ምሥራቅ 472,500፣ ወደ ሰሜን 998,200 ሜትር የሚጠጋ ቁጥር ያነባሉ። ይህም ማለት ሕንፃዎ ከፋይሉ ዜሮ ነጥብ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ቆሟል ማለት ነው።

አውቶካድ ቁጥሮቹን በ64 ቢት ስለሚይዝ ይህ ርቀት ምንም አይለውም። ማክስና ብሌንደር ግን የሜሽ ነጥቦችን የሚይዙት በ32 ቢት ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ለትክክለኛነቱ የሚውለው 24 ቢት፣ በአሥርዮሽ ሰባት አሃዝ ገደማ ነው። በ524,288 እና በ1,048,576 መካከል ባለ ቁጥር ላይ በሁለት ተከታታይ ዋጋዎች መካከል ያለው ክፍተት 0.0625 ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ማንኛውም ነጥብ በሰሜን አቅጣጫ ወደሚቀርበው 6.25 ሴንቲሜትር ይጎተታል። በምሥራቅ አቅጣጫ ቁጥሩ ከ524,288 በታች በመሆኑ ክፍተቱ ግማሽ ነው፤ 3.125 ሴንቲሜትር። 5 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው የመስኮት ፍሬም በዚህ መረብ ላይ ሲያርፍ ወይ ወደ 6.25 ይሰፋል፣ ወይም ሁለቱ ጠርዞቹ አንድ ቦታ ላይ ወድቀው ይጠፋል። ያዩት ይህንኑ ነው። ሥዕሉን ወደ ሚሊሜትር መቀየርም አይፈይድም፤ ቁጥሩ በሺህ ሲያድግ ክፍተቱም አብሮ አድጎ 64 ሚሊሜትር ይሆናል።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ግን መደረግ ያለበት ገና በአውቶካድ ውስጥ እያለ ነው። አንድ ሙሉ ቁጥር ይምረጡ፣ ለምሳሌ ምሥራቅ 472,000፣ ሰሜን 998,000፤ ሁሉንም ነገር በዚያ ልክ ወደ ዜሮ ይሳቡትና የተጠቀሙበትን ቁጥር በፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ በጽሑፍ ያስቀምጡ። ወደ ማክስ ከገባ በኋላ ቢስቡት የተበላሸው ነጥብ አይመለስም። እባክዎን ቁጥሩን መመዝገብዎን አይርሱ፤ የአርክቴክቱ ሞዴል ከመንገዱ ፕላን ጋር አልገጥም ብሎ ስልክ የሚደወለው ለእኛ ነው።

#6 የድር_ሞዴል

ስለ ፎርማት ምርጫው አስተያየቴን ልስጥ። ዛሬ ከዜሮ የሚጀምር ሰው ጂኤልቲኤፍን መምረጥ አለበት ባይ ነኝ። ክሮኖስ የሚባለው የኩባንያዎች ማኅበር ያዘጋጀውና ሁለተኛው እትሙ በ2017 የወጣ ግልጽ ፎርማት ሲሆን፣ በ2022 የአይኤስኦ (ዓለም አቀፍ) ደረጃ ሆኖ ጸድቋል። አሃዱ ሁልጊዜ ሜትር ነው፤ ወደ ላይ ሁልጊዜ ዋይ ነው፤ ሚዛን ከላይ ያነሣው የ157 ሜትር ጣጣ ፎርማቱ ራሱ ዘግቶታል። ማቴሪያሉም ቤዝ ከለር (መነሻ ቀለም)፣ ሜታሊክ (ብረትነት) እና ራፍነስ (ሸካራነት) ተብሎ በዝርዝር የተደነገገ ስለሆነ ከብሌንደር ፕሪንሲፕልድ ማቴሪያል ጋር በሚገባ ይገጥማል። ማክስ ከ2023 እትም ጀምሮ በራሱ ያወጣዋል። በጂኤልቢ ካወጡት ቴክስቸሩም (በገጹ ላይ የሚለጠፈው ምስል) እዚያው አንድ ፋይል ውስጥ ይጠቀለላል።

#7 ማያና_ሞሽን

የድር_ሞዴል ያሉት ለማሳያ ከሆነ እስማማለሁ፤ ለመሥሪያ ግን አልስማማም። ጂኤልቲኤፍ የተነደፈው የተጠናቀቀ ሞዴል በድረ ገጽና በስልክ ላይ በፍጥነት እንዲከፈት ነው። ስለዚህም ሁሉንም ፊት ወደ ሦስት ማዕዘን ይሰብራል። አራት ማዕዘን የነበረው ሜሽ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ከገባ በኋላ በአንድ ጊዜ አንድ መስመር እየመረጡ ማስተካከል የሚባል ነገር አይኖርም፤ ሦስት_ማዕዘን የመከሩት ሰብዲቪዥንም በእንዲህ ያለ ሜሽ ላይ ያጎብጣል። የስም ጉዳይ ሆኖባቸው ካልተቀየሙኝ በቀር እኔ አራት ማዕዘን ወዳድ ነኝ።

ኤፍቢኤክስ የራሱ ታሪክ ያለው ፎርማት ነው። ካይዳራ የተባለው የካናዳ ድርጅት ፊልምቦክስ ለሚለው የእንቅስቃሴ መቅረጫ ፕሮግራሙ የሠራው ሲሆን፣ ካይዳራ በአሊያስ፣ አሊያስም በ2006 በአውቶዴስክ ተገዝተው ፎርማቱ አውቶዴስክ እጅ ገባ። አውቶዴስክ የፎርማቱን ዝርዝር መግለጫ አላወጣም፤ የሚሰጠው የፕሮግራመሮች መሣሪያውን ብቻ ነው፤ የዚያ ፈቃድ ደግሞ ከብሌንደር ነጻ ፈቃድ ጋር አይጣጣምም። በመሆኑም የብሌንደር ሰዎች ፎርማቱን እየፈተሹ፣ ውስጡን እየገመቱ የራሳቸውን ማስገቢያ ጻፉ። ጉድለቱ ከዚህ የሚመነጭ ቢሆንም፣ አራት ማዕዘኑን፣ የዕቃዎቹን ተዋረድ፣ ፒቮቱን (መዞሪያ ነጥቡን) እና አኒሜሽኑን አንድ ላይ የሚያሻግር፣ በሁሉም ፕሮግራም ውስጥ የሚገኝ ሌላ ፎርማት እስካሁን እሱን አልተካውም።

ንድፍቤት ስለ ቪዲዮ ስላነሡ፣ ካሜራ በኤፍቢኤክስ ከነእንቅስቃሴው ይሻገራል። ነገር ግን ካሜራው በፓዝ (በመንገድ መስመር) ወይም በሌላ ኮንስትሬይንት (ማሰሪያ) የሚነዳ ከሆነ፣ የሚሻገረው በየፍሬሙ ቤክ የተደረገ (ተሰልቶ የተመዘገበ) ቁልፍ ብቻ ስለሆነ አስቀድመው ቤክ ያድርጉት። የሰው ሪግ (አጥንቶቹንና መቆጣጠሪያቸውን) ለማሻገር ግን ባትሞክሩ እመርጣለሁ፤ የማያም ሆነ የማክስ መቆጣጠሪያ አይመጣም፣ አጥንቶቹም ብሌንደር አጥንትን በዋይ በኩል ስለሚያስረዝም ዞረው ይታያሉ። እንቅስቃሴው በአጥንቶቹ ላይ ቤክ ተደርጎ ይምጣ፤ መቆጣጠሪያውን ብሌንደር ውስጥ እንደ አዲስ መሥራት ይፈጥናል። መጋረጃ፣ ባንዲራ፣ ውኃ የመሳሰለው ቅርጹ በየፍሬሙ የሚለዋወጥ ነገር ደግሞ በአሌምቢክ ይሻገራል፤ አሌምቢክ የተዘጋጀው በሶኒ ኢሜጅወርክስና በሉካስፊልም ትብብር በትክክል ለዚህ ተብሎ ነው።

#8 ብርሃንና_ጥላ

እስካሁን የተነሣው ሁሉ ትክክል ነው፤ ሰው ከሁሉ በላይ የሚያማርረው ግን በማቴሪያል ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ።

የቪሬይ ማቴሪያል በኤፍቢኤክስ አይሻገርም። ኤፍቢኤክስ በራሱ የሚያውቀው ላምበርትና ፎንግ የሚባሉትን የቆዩ ሁለት ዓይነቶች ነው፤ ከዚያ ውጭ የሆነውን ማክስ ወይ በግራጫ ይተካዋል ወይም የቀለም ቴክስቸሩን ብቻ ይዞ ይወጣል። በማክስ ውስጥ ሲን ኮንቨርተር የሚባል መሣሪያ አለ፤ የቪሬይ ማቴሪያሎችን ወደ ፊዚካል ማቴሪያል ይለውጣቸዋል። ከማውጣት በፊት በእርሱ ማለፍ ግራጫውን በእጅጉ ይቀንሳል። ይሁንና የምትለውጡት ቅጂውን እንጂ ዋናውን ፋይል አይሁን፤ መሣሪያው የለወጠውን ወደ ቪሬይ መልሶ በትክክል አያስቀምጥም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ነገሮች በዐይን መታየት አለባቸው። የመጀመሪያው ነጸብራቅ ነው። ቪሬይ ባለበት ቅንብሩ የሚለካው በግሎሲነስ ሲሆን 1 ማለት እንደ መስታወት የጠራ ማለት ነው፤ ብሌንደር በራፍነስ ስለሚለካ መስታወቱ 0 ነው። 0.85 የነበረውን 0.15 ማድረግ ቀላል ነው፤ የሚረሳው ነጸብራቁ በቴክስቸር የሚመራ ሲሆን ነው። ያኔ ቴክስቸሩን በኢንቨርት (መገልበጫ) ኖድ ማሳለፍ ግድ ይላል። ይህ ሳይደረግ የቀረ የእብነ በረድ ወለል፣ የተወለወለው ክፍሉ ደብዝዞ መገጣጠሚያ ስሚንቶው ሲያብረቀርቅ ይታያል፤ እንዲህ ያለ ሬንደር (የመጨረሻ ምስል) ለደንበኛ ቀርቦ አይቻለሁ።

ሁለተኛው ኖርማል ማፕ፣ ማለትም ጎድጓዳና ጉብታን አስመስሎ የሚያሳይ ምስል ነው። አረንጓዴው ቻናል ወደ ላይ የሚያመለክትበትና ወደ ታች የሚያመለክትበት ሁለት ልማድ አለ፤ አንዱ የኦፕንጂኤል፣ ሌላው የዳይሬክትኤክስ ይባላል። ብሌንደርና ዩኒቲ የመጀመሪያውን፣ የጌም ሞተሩ አንሪል ሁለተኛውን ይከተላሉ። ለማክስ የተገዙ የቴክስቸር ስብስቦች ብዙዎቹ የዳይሬክትኤክስ ናቸው። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ብርሃኑ ከላይ እየመጣ የጡቡ መገጣጠሚያ ወደ ውስጥ መግባቱ ቀርቶ ወደ ውጭ ያበጠ ይመስላል። አረንጓዴውን ቻናል ብቻ ለይቶ መገልበጥ ይበቃል።

ሦስተኛው የቀለም ቦታ ነው። ብሌንደር የሚገባለትን ምስል ብዙውን ጊዜ ኤስአርጂቢ (የተለመደው የስክሪን ቀለም) ነው ብሎ ይወስደዋል፤ ይህ ለቀለም ቴክስቸር ትክክል ነው። ራፍነስ፣ ሜታሊክና ኖርማል ግን ቀለም ሳይሆኑ ቁጥር ናቸውና «ነን ከለር» መባል አለባቸው። አለበለዚያ 0.5 የነበረው ራፍነስ 0.21 አካባቢ ሆኖ ይነበብና ሁሉም ነገር እንደ ፕላስቲክ ያበራል።

በማክስ ውስጥ በፕሮሲጀራል ማፕ (በስሌት በሚፈጠር ንድፍ) የተሠራው፣ ኖይዝ፣ ታይልስ፣ ፎልኦፍ የመሳሰለው፣ አይሻገርም። ወይ በቴክስቸር ላይ ቤክ ማድረግ ነው፣ ወይም በብሌንደር ኖድ እንደ አዲስ መሥራት። ለሕንፃ ሥራ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ጥሩ የፕላስተር ማቴሪያል አንዴ ከተሠራ ለሁሉም ፕሮጀክት ያገለግላል። ብርሃኑን ግን ለማሻገር ጊዜ አታጥፉ። ቪሬይ ሰንም ሆነ የአይኢኤስ (በተለካ የብርሃን ሥርጭት የሚሠራ) መብራት በብሌንደር ውስጥ በአምስት ደቂቃ ይተከላል፤ በፋይል የመጣ መብራት ግን ጉልበቱ ልክ መሆኑን ለማጣራት ብቻ ከዚያ በላይ ይወስዳል።

#9 ንድፍቤት

ብርሃንና_ጥላ፣ ይህን ያህል ጊዜ ሰጥተው ስለጻፉልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ቀርቶኛል። የደረጃው አንዱ ወገን አሁንም ጥቁር ነው፤ ደረጃው የተሠራው ግማሹ ተሠርቶ ሌላው በሚረር ተገልብጦ ነው። ከስኬችአፕ የመጣው የንግድ ማዕከል ደግሞ ፊቶቹ ግማሽ በግማሽ ቀለማቸውን ለቀዋል፤ አንሪል ውስጥ ስከፍተው ጭራሽ ግድግዳዎቹ ጠፍተው ውስጡ ይታያል።

#10 ሦስት_ማዕዘን

የሁለቱም መነሻ የፊቶች አቅጣጫ ነው። በመጀመሪያ ስለ ደረጃው፦ በማክስ ሚረር ሲደረግ ዕቃው በአንድ አቅጣጫ የኔጌቲቭ ስኬል ይይዛል፤ ማክስ ራሱ ይህን አስተካክሎ ስለሚያሳይ ችግሩ አይታይም። ሌላው ፕሮግራም ግን ፊቶቹን በተገላቢጦሽ ሊያነባቸው ይችላል። ከማውጣትዎ በፊት በዩቲሊቲ ፓነል ካለው ሪሴት ኤክስፎርም አሳልፈው ስታኩን (የሞዲፋየር ዝርዝሩን) ይጨፍልቁት፤ ፊቶቹ ከተገለበጡም ኖርማላቸውን (አቅጣጫቸውን) ፍሊፕ ያድርጉ። ችግሩ የታወቀው ከገባ በኋላ ከሆነ፣ ብሌንደር ውስጥ ስኬሉን አፕላይ አድርገው ኖርማሎቹን ወደ ውጭ ማስላት ይቻላል። የፌስ ኦሪየንቴሽን ማሳያውን ቢያበሩ ትክክለኛው ፊት በሰማያዊ፣ የተገለበጠው በቀይ ይታይዎታል፤ ሲገባ ቀይ ያላደረገ ፋይል ማየት ብርቅ ነው።

የስኬችአፕ ነገር ግን ከሞዴል ሠሪው ልማድ የሚመጣ ነው። ስኬችአፕ ለእያንዳንዱ ፊት የፊትና የጀርባ ገጽ ይሰጣል፤ በሁለቱም ላይ የተለያየ ማቴሪያል መቀባት ይቻላል። ሠሪው ግድግዳውን ሲስብ ጀርባው ወደ ውጭ ከዞረና እዚያው ላይ ከቀባው፣ ስኬችአፕ ውስጥ ያማረ ሆኖ ይታያል። ሌሎቹ ፕሮግራሞች የሚያውቁት አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ አንሪልም ጀርባን ጭራሽ ስለማይሥል ግድግዳው ይጠፋል። ስለዚህ አጋር ቢሮው ከመላኩ በፊት ስኬችአፕን በሞኖክሮም ስታይል እንዲያየው ይጠይቁ፤ ሰማያዊ ግራጫ የሆነው ሁሉ የተገለበጠ ጀርባ ስለሆነ ሪቨርስ ፌስስ ያድርገው። ሲያወጣም ባለ ሁለት ገጽ የሚለውን ምርጫ አያብራው፤ ካበራው በአንድ ቦታ ላይ ሁለት ፊት ይደረብና ሬንደሩ ይዥጎረጎራል።

ኮምፖነንቶቹን ደግሞ እንዲጠብቅ ይንገሩት። በአንድ አዳራሽ ውስጥ ያሉ 300 ወንበሮች ኮምፖነንት ከሆኑ ቅርጹ አንድ ጊዜ ብቻ ተቀምጦ 300 ጊዜ ይጠቀሳል። ኤፍቢኤክስ ይህን መያዝ ይችላል፤ ከማክስ ሲያወጡም ኢንስታንስ (የአንድ ቅርጽ ብዜት) የሚጠብቅ ምርጫ አለ። ኦቢጄ ግን ይህ የለውም፤ 300ውንም ወንበር ከነእግሩ ይጽፈዋል።

#11 ሚዛን

ኮላዳ የሚባለውን ፎርማት ለምን እንዳላነሣን የሚጠይቅ ካለ፣ ስኬችአፕ ለረጅም ጊዜ በእርሱ ሲያወጣ ስለነበር ብዙ የቆዩ ፋይሎች በዚያ አሉ። ብሌንደር ከ5.0 ጀምሮ ኮላዳን ከነጭራሹ አስወግዶታል፤ በእጅዎ ያለ የኮላዳ ፋይል ካለ ለመክፈት የ4.5 ኤልቲኤስ (ረጅም ድጋፍ ያለው) እትሙን ያስቀምጡ። በ3ዲኤስ የተቀመጠውን ደግሞ ሌላ ምንጭ ከሌለ በቀር አይንኩት፤ የዶስ ዘመን ፎርማት በመሆኑ አንድ ሜሽ ከ65,536 ነጥብ በላይ አይይዝም፣ የቴክስቸር ስሞችንም ወደ ስምንት ፊደል ያሳጥራቸዋል።

የሬቪት ሞዴሎችን በአይኤፍሲ (የሕንፃ መረጃ መለዋወጫ ፎርማት) ይጠይቁ። በኤፍቢኤክስ የሚመጣው ባዶ ቅርጽ ነው፤ በአይኤፍሲ ግን በሩ በር፣ ፎቁ ፎቅ እንደሆነ ተጽፎ ይመጣል። ቦንሳይ የሚባለው ነጻ የብሌንደር ተጨማሪ ይከፍተዋል። አንድ ፎቅ ለይቶ መደበቅ ለሚያስፈልገው የቁርጥ ምስል ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

#12 የድር_ሞዴል

ከማያና_ሞሽን ጋር ባለኝ ክርክር ግማሹን እቀበላለሁ፤ ለሚስተካከል ሜሽ ሦስት ማዕዘን አይሆንም። ግን ኤፍቢኤክስን የሚተካ የለም የሚለውን ጥቂት ላርመው። ፒክሳር በ2016 ለሁሉም ክፍት ያደረገው ዩኤስዲ አራት ማዕዘኑንም፣ ተዋረዱንም፣ ኢንስታንሱንም ይይዛል፤ በ2023 ፒክሳር፣ አዶቢ፣ አፕል፣ አውቶዴስክና ኤንቪዲያ ተሰባስበው ደረጃ የሚያወጣለት ኅብረት መሥርተዋል። ማክስ ተጨማሪ ፕለጊን አለው፣ ብሌንደርም በራሱ ያስገባል። በማቴሪያል በኩል ቀላሉ ፕሪቪው ሰርፌስ ከራፍነስና ከሜታሊክ ጋር ስለሚሻገር፣ የብርሃንና_ጥላን ሥራ በከፊል ያቃልላል። አሃዱ ግን እንደ ጂኤልቲኤፍ የተቆለፈ አይደለም፤ በፋይሉ ውስጥ ካልተጻፈ ሴንቲሜትር ነው ተብሎ ይታሰባልና ሲያወጡ ይመልከቱት።

#13 ማያና_ሞሽን

ዩኤስዲን በተመለከተ ተስማምቻለሁ፤ ትልልቅ ሲኖችን እኛም ወደዚያ እየወሰድን ነው። ለነጠላ ወንበርና ለበር ግን አሁንም ኤፍቢኤክስን እመርጣለሁ፤ ሲበላሽም በምን እንደሚበላሽ አውቀዋለሁና።

#14 ንድፍቤት

የደረስኩበትን ላሳውቃችሁ። ቤተ መጻሕፍቱን በባይነሪ ኤፍቢኤክስ፣ በሜትር አሃድ፣ ተርቦስሙዝ ጠፍቶ እያሻገርኩ ነው፤ የግቢ ፕላኑ በቀያሹ ምክር ወደ ዜሮ ተስቦ እንደ አዲስ ሲወጣ ክቡ ግድግዳ ክብ ሆኗል። ደረጃውም ነጽቷል። የመጨረሻ ጥያቄዬ፦ በእኔ ማሽን በትክክል የሚታየው ፋይል በባልደረባዬ ማሽን ሲከፈት ቴክስቸሮቹ ሐምራዊ ሆነው ይመጣሉ። ፎልደሮቻችን አንዳንዶቹ በአማርኛ የተሰየሙ ናቸው፤ ይህ ይሆን ምክንያቱ?

#15 ሦስት_ማዕዘን

ሐምራዊው ምስሉ አልተገኘም ማለት ነው። ዋነኛው ምክንያት አማርኛው ሳይሆን ሙሉ አድራሻው ነው፤ ፋይሉ ምስሉን የሚፈልገው በእርስዎ ማሽን «ዲ» ድራይቭ ላይ ነው፣ ባልደረባዎ ደግሞ ያ ድራይቭ የላቸውም። ከማክስ ሲያወጡ ኢምቤድ ሚዲያን ያብሩ፤ ብሌንደር ውስጥ ከገባና ሁሉም ቴክስቸር መታየቱን ካረጋገጡ በኋላ ከፋይል ምናሌ፣ ኤክስተርናል ዳታ ከሚለው ሥር ፓክ ሪሶርስስን ይጫኑ፤ ምስሎቹ ፋይሉ ውስጥ ይገባሉ። ፋይሉ እጅግ ከከበደ ሳያሽጉ አድራሻዎቹን ሬላቲቭ አድርገው ሙሉ ፎልደሩን በአንድነት ይላኩት። አስቀድሞ የጠፋውን ለማግኘት እዚያው ምናሌ ላይ ፋይንድ ሚሲንግ ፋይልስ አለ፤ ፎልደሩን ካሳዩት በስም ፈልጎ ያያይዛቸዋል። የአማርኛ ስም በብሌንደር ራሱ አያስቸግርም፤ በመሃል የሚያልፍበት የቆየ ፕለጊን ወይም የሬንደር ማሽን ግን ላያነበው ስለሚችል፣ ለቴክስቸር ፎልደሮች የላቲን ፊደል ቢጠቀሙ ይመረጣል።

#16 ቀያሹ

ንድፍቤት፣ ፕላኑን የሳቡበትን ቁጥር የት እንደጻፉት አልነገሩንም።

#17 ንድፍቤት

ጋሼ፣ በፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ በጽሑፍ ፋይል አለ፤ በአውቶካዱ ሥዕል ላይም ከርዕስ ሳጥኑ በላይ ጽፌዋለሁ።